ቀድሞ መበተን ስንት ያወጣል?

ፑል ቤት ውስጥ ክርክር የሚነሳው ገና ኳስ ሳይነካ ነው፤ "ማን ይበትን?" በሚለው። ሳንቲም ይወረወራል፤ ወይም ያለፈውን ጌም ያሸነፈው ስቲኩን ሳያስቀምጥ ይቀጥላል፣ የተሸነፈው ደግሞ ሒሳብ ከፍሎ ቦታውን ለተረኛ ይለቃል። ከግልገል በለስ ወደ ድባጤና ወደ ቡለን በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ከተማ የሚጫወት ወጣትም ሆነ ላስ ቬጋስ ውስጥ በካሜራ ፊት የሚቆም ባለሙያ በዚህ ነገር ላይ ብዙም አይለያዩም። ሁለቱም ቀድሞ የበተነ ግማሽ መንገድ እንደሄደ ያምናሉ።

በባለሙያዎቹ ዘንድ ይህ እምነት ደንብ እስከማስቀየር ደርሷል። ባለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ገደማ በዘጠኝ ኳስ ውድድሮች ኳሶቹ የሚደረደሩበት ቦታ ተነስቷል፣ በታኙ ነጯን የሚያስቀምጥበት ስፍራ ጠቧል፣ ማን መቼ ይበትን የሚለውም ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው ሲመላለስ ኖሯል። ከለውጦቹ ጀርባ ያለው ስጋት አንድ ነው፤ ብሬክ፣ ማለትም የመበተኛው ምት፣ ከሚገባው በላይ ይወስናል የሚል። ቁጥሮቹን ረጋ ብሎ ለሚያነብ ግን ስጋቱ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮችን አቀላቅሏል። በረጅም ግጥሚያ ቀድሞ መበተን ከምንገምተው እጅግ ያነሰ ዋጋ አለው። ከተጋጣሚ የተሻለ መበተን ግን ብዙ ያወጣል። ቀድሞ መበተን ከሁሉ በላይ የሚከብደው ደግሞ ማንም ስታትስቲክስ በማይዝበት፣ አንድ ጌም ተጫውቶ ሒሳብ በሚከፈልበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

ዘጠኙ ኳስና የመጀመሪያው ምት

እኛ ዘንድ ብዙ ሰው የሚያውቀው በ15 ኳስ የሚካሄደውን ጨዋታ ነው። በዘጠኝ ኳስ ከነጯ ሌላ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጡት ከ1 እስከ 9 ቁጥር ያላቸው ብቻ ናቸው። በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስት፣ እንደገና በሁለትና በአንድ ረድፍ ይደረደራሉ፤ 1 ቁጥር ከፊት፣ 9 ቁጥር ከመሃል ትሆናለች። ተጫዋቹ ምንጊዜም ነጯን መጀመሪያ ማስነካት ያለበት ከቀሩት ኳሶች ትንሿን ቁጥር ነው፤ በቅደም ተከተል ማስገባት ግን አይጠበቅበትም። 9 ቁጥርን በሕጋዊ ምት ያስገባ ጌሙን ያሸንፋል። የውድድር ጠረጴዛ መጫወቻው 254 በ127 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የአንዷ ኳስ ውፍረት 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

የመጀመሪያው ምት ሕጋዊ የሚሆነው ቢያንስ አንድ ኳስ ሲገባ፣ ካልሆነም ቢያንስ አራት ኳሶች ጠርዝ ሲነኩ ነው። በታኙ ኳስ ካስገባና ነጯ አብራ ካልገባች ይቀጥላል። ምንም ካላስገባ ተራው ወደ ተጋጣሚው ያልፋል። ነጯ ከገባች ተጋጣሚው በእጁ አንስቶ የፈለገበት ያስቀምጣታል። ከብሬክ ቀጥሎ ለሚመታ ሰው አንድ ልዩ መብትም አለ፤ የኳሶቹ አቀማመጥ ካልተመቸው እንደሚገፋ አስታውቆ ነጯን ወደሚፈልገው ቦታ ይገፋታል፣ ተጋጣሚውም ከዚያ ራሱ ለመምታት ወይም መልሶ እሱን ለማስመታት ይመርጣል። ስለዚህ ከአንድ ብሬክ ቢያንስ አራት ዓይነት ሁኔታ ይወለዳል፦ ኳስ ገብቶ ቀጣዩ ምት ሲመች፣ ኳስ ገብቶ ቀጣዩ ምት ሲዘጋ፣ ምንም ሳይገባ ሲቀር፣ ነጯ ስትገባ። ብሬክን በአንድ ቁጥር ለመግለጽ የሚሞክር ሁሉ እነዚህን አራቱን መጨፍለቁ አይቀርም።

ደንቡን ያስቀየሩት ሁለት ኳሶች

ከረድፎቹ ሰፊው ባለሦስቱ ነው። በግራና በቀኝ ጫፉ ያሉትን ሁለት ኳሶች ባለሙያዎቹ ክንፍ ይሏቸዋል። ኳሶቹ በሙሉ ግጥም ብለው ከተነካኩ ክንፎቹ ከአንዱ ብሬክ ወደ ሌላው ተመሳሳይ አቅጣጫ ይይዛሉ፤ 1 ቁጥር በተለመደው ነጥብ ላይ ስትቀመጥም ያ አቅጣጫ ወደ ኋላ ማዕዘን ቀዳዳዎች ያመራል። በመካከላቸው ለዓይን የማይታይ ክፍተት ካለ ግን ጉልበቱ ሳይደርስ ይባክናል፣ የኳሶቹም መንገድ ይለዋወጣል። እንዲህ ሲሆን ኳስ በማስገባት ረገድ የደርዳሪው ጣት ከመቺው ክንድ ባልተናነሰ ይወስናል ማለት ነው።

ይህ ጎልቶ የወጣው የመደርደሪያው ዕቃ ሲሻሻል ነው። ከተለመደው ትሪያንግል ቀጥሎ ኳሶቹን ገፍቶ የሚያጣብቅ ሳርዶ የተባለ መሣሪያ መጣ፤ ኋላም ከኳሶቹ ስር የሚነጠፍ፣ እያንዳንዷን ኳስ በቦታዋ የሚይዝ ስስ ፕላስቲክ ተለመደ። ድርድሩ በጠበቀ ቁጥር በሙሉ ጉልበት መምታት አስፈላጊነቱ ቀነሰ። አሜሪካዊው ኮሪ ዱዌል በለስላሳ ብሬክ ስሙ የተነሳው በዚሁ ዘመን ነው። ኳሶቹን በኃይል ከመበታተን ይልቅ በልክ መትቶ የምትገባዋን ኳስና ነጯ የምትቆምበትን ስፍራ አስቀድሞ መገመት ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ ላይ በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን ፊንላንዳዊ ሚካ ኢሞነንን 11 ለ 0 አሸነፈ። አንድ ግጥሚያ ማስረጃ ባይሆንም፣ የዓለም ሻምፒዮን አንድም ጌም ሳያሸንፍ ሲሸኝ ያየ ተመልካች ብሬኩን ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

መልሱ በሦስት አቅጣጫ መጣ። አንደኛው ለስላሳውን ምት የሚቀጣ ነው፤ በአንዳንድ ውድድሮች የገቡትና ከጠረጴዛው የፊት መስመር ያለፉት ኳሶች ተደምረው ሦስት ካልሞሉ ብሬኩ እንደጎደለ ይቆጠራል። ሁለተኛው ስፍራን ያጠበበ ነው፤ በታኙ ነጯን ከጎን ጠርዝ ተጠግቶ እንዳያስቀምጥ መሃል ላይ በተሰመረ ሣጥን ውስጥ ተወሰነ። ሦስተኛው ድርድሩን ራሱን አነሳው፤ በነጥቡ ላይ 1 ቁጥር መቀመጧ ቀርቶ 9 ቁጥር ተቀመጠች። በዚህም ድርድሩ በሙሉ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ በታኙ ቀረበ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ዩኤስ ኦፕንን የሚያዘጋጀው የእንግሊዙ ማችሩም ሣጥኑንና የ9 ቁጥሯን አቀማመጥ በውድድሮቹ ተጠቅሞባቸዋል። ክንፎቹ አሁንም አንድ ዓይነት መንገድ ይይዛሉ፤ ነገር ግን ከተነሱበት ቦታ ያ መንገድ ቀዳዳውን ስቶ ጠርዝ ላይ ያርፋል።

እነዚህን ለውጦች የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። አንዳቸውም ማን ቀድሞ ይበትን የሚለውን አልነኩም። የነኩት ችሎታ ሳይጨምር ኳስ የሚያስገባውን መንገድ ነው። ቁጥር ለደንብ አውጪ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፤ አንዲት የተለየች ኳስ ወደ አንድ የተለየ ቀዳዳ አዘውትራ ስትገባ ያ አጋጣሚ አይደለም፣ ከአቀማመጡ የመጣ ነው።

60 በመቶ የሚባለው ቁጥር

ፑልን በቁጥር የመከታተል ልማድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካዊው ተጫዋች ፓት ፍሌሚንግ አኩስታትስ መልክ ያዘ። የእሱ መለኪያ ቀላል ነው፤ ያስገባሃቸው ኳሶች ላስገባሃቸውና ለተሳሳትካቸው ድምር ይካፈላሉ። ከ1000 ውስጥ 900 እና ከዚያ በላይ ያመጣ በዓለም ደረጃ የሚጫወት ሰው ነው። ብሬክ ግን ለዚህ ዓይነት መለኪያ አይመችም። ሌላውን ምት ተጫዋቹ ስለሚመርጠው ሲስት ጥፋቱ የእሱ ነው፤ በብሬክ ጊዜ ግን በሚገባ የመታም ባዶውን ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሲነገር የምንሰማው ቀላሉ ቁጥር ነው፦ እገሌ ከበተነው በዚህን ያህል መቶኛ ኳስ አስገብቷል።

ያ ቁጥር ምን ያህል ያሳስታል? ለስሌት እንዲመች አንድ ተጫዋች ከ100 ብሬክ በ60ው ኳስ ያስገባል እንበል። አቅሙ ከተጋጣሚው እኩል ነው። ኳስ ሲያስገባ 62 በመቶ ጌሙን ያሸንፋል፤ ሳያስገባ ሲቀር ተጋጣሚው ቅድሚያ ስለሚያገኝ የእሱ ድርሻ ወደ 38 በመቶ ይወርዳል። ሁለቱ ሲጣመሩ 37.2 እና 15.2 ናቸው፤ ድምሩ 52.4 በመቶ። ስልሳ ይመስል የነበረው ብልጫ ጌም ወደ ማሸነፍ ሲለወጥ ከግማሽ በላይ ያለው ሁለት ነጥብ ከምናምን ብቻ ሆነ። ያው ተጫዋች ተለማምዶ ኳስ የማስገባት ድርሻውን ወደ 70 ቢያሳድገው ውጤቱ 54.8 ይሆናል። በብሬክ ሠንጠረዥ ላይ የተጨመረው 10 ነጥብ በጌም ውጤት ላይ የጨመረው 2.4 ነው።

ለዚህ ልዩነት ምክንያቱ ቀደም ሲል ያየናቸው አራት ሁኔታዎች ናቸው። ኳስ አስገብቶ 1 ቁጥርን ማየት የማይችል ተጫዋች ለመግፋት ይገደዳል፤ የብሬኩ ጥቅም ከእጁ አመለጠ ማለት ነው። ምንም ሳያስገባ ኳሶቹ ተጣብቀው ቢቀሩ ደግሞ ተጋጣሚውም እንዲሁ ይቸገራል። ጠቃሚው ቁጥር "ኳስ ገባ ወይ?" ለሚለው ሳይሆን "ከብሬኩ በኋላ በታኙ ትንሿን ቁጥር የሚመታበት ክፍት መንገድ አገኘ ወይ?" ለሚለው መልስ የሚሆነው ነው። ይህን ለመያዝ ቆሞ ማየትና መፍረድ ስለሚጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ለመቁጠር የሚቀለው ነው።

የናሙናውም መጠን ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። በአንድ ውድድር 20 ጊዜ በትኖ 12 ጊዜ ኳስ ያስገባ ተጫዋች "60 በመቶ" ተብሎ ይጻፍለታል። በ20 ብሬክ ላይ የቆመ ቁጥር ግን እውነተኛው ልኩ ከ40 እስከ 80 በመቶ ባለው ስፋት ውስጥ የትም ሊሆን እንደሚችል ነው የሚነግረን። በ100 ብሬክ እንኳ ስህተቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 10 ነጥብ ያህል ነው። በአንድ ሳምንት ውድድር ሁለት ተጫዋቾችን በብሬክ መቶኛ ማበላለጥ ብዙውን ጊዜ ዕድልን ደረጃ ማውጣት ነው።

አሸናፊ ሲበትን የሚፈጠረው ምስል

በፑል ሁለት ሥርዓቶች ለረጅም ጊዜ ሲፈራረቁ ኖረዋል፤ ተራ በተራ መበተንና ያሸነፈው እንዲበትን ማድረግ። ተመልካች ሁለተኛውን ይወደዋል፤ አንድ ተጫዋች ተጋጣሚውን ከወንበር ሳያስነሳ አምስትና ስድስት ጌም ሲያከታትል ማየት ያስደስታል። ስታትስቲክስ ለሚሠራ ግን ይህ ሥርዓት አደገኛ ነው።

ብሬክ ምንም ጥቅም የለውም ብለን እንነሳ። ሁለት ሰዎች ይጋጠማሉ፤ ጠንካራው ማንም ይበትን ማን ከሦስት ጌም ሁለቱን ያሸንፋል። በፋርጎሬት የደረጃ አሰጣጥ ይህ በሁለት ተጫዋቾች መካከል የ100 ነጥብ ልዩነት ማለት ነው። አሸናፊው የሚበትን ከሆነ ጠንካራው በረጅም ጊዜ ከሦስት ብሬክ ሁለቱን ይወስዳል፣ ከእነሱም ሁለት ሦስተኛውን ያሸንፋል። ደካማው አንድ ሦስተኛውን በትኖ ከዚያ አንድ ሦስተኛውን ያሸንፋል። ሲደመር በታኙ ከዘጠኝ ጌም አምስቱን፣ ማለትም 55.6 በመቶውን አሸንፏል። ብሬክ ምንም በማይጠቅምበት ዓለም ሠንጠረዡ "በታኙ ያሸንፋል" አለን! ያንኑ ግጥሚያ ተራ በተራ ብናደርገው ቁጥሩ በትክክል 50 ላይ ያርፋል።

በመተከል ጥማድ በሬ እየተዋሰ የሚያርስ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አንድ ጥማድ ሁልጊዜ የሚደርሰው ለቀዬው ጎበዝ ገበሬ ከሆነ፣ ያ ጥማድ ያረሰው ማሳ ምርቱ ከሌላው ቢበልጥ ምስጋናው ለበሬዎቹ ነው ለማለት አይቻልም። ስለዚህ "በዚህ ውድድር በታኞች ይህን ያህል መቶኛ አሸንፈዋል" የሚል ዘገባ ስናገኝ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን ማን ይበትን እንደነበር ነው። ያሸነፈው ከነበረ ቁጥሩ የብሬክን ጥቅምና የተጫዋቾችን የአቅም ልዩነት አንድ ላይ አስሮ ነው የያዘው። ከተራ በተራ ውድድር የመጣ ከሆነ ግን ልናምነው እንችላለን።

ሃያ አንዱ ጌም

አሁን ወደ ዋናው ክርክር። ባለሙያዎች ቀድሞ የሚበትነውን የሚመርጡት በሳንቲም አይደለም፤ ሁለቱም ኳስ መትተው ከሩቁ ጠርዝ እንድትመለስ ያደርጋሉ፣ ኳሱ ለቅርቡ ጠርዝ ይበልጥ የተጠጋለት ይመርጣል። አሸናፊ ይበትን ሲባል ይህን ያገኘ ሰው ከዚያ በኋላ ተጋጣሚውን ላያስነሳው ይችላል፤ ስለዚህ ሥርዓቱ ፍትሐዊ አይደለም የሚል ቅሬታ ይሰማል። ስሜቱ የሚገባ ነው፣ ሒሳቡ ግን አይደግፈውም።

ግጥሚያው እስከ 11 ነው እንበል። ቀድሞ 11 ጌም ያሸነፈ ይወስዳል፤ ቢበዛ 21 ጌም ይካሄዳል። ቀድሞ የሚበትነውን "ሀ"፣ ሌላውን "ለ" እንበላቸው። ተራ በተራ ሲሆን አንዱ 11 ከደረሰ በኋላም እንዲሁ ለጨዋታ ያህል እስከ 21 ቢቀጥሉ አሸናፊው አይለወጥም፤ ከ21ዱ የበለጠውን ያሸነፈው ያው ቀድሞ 11 የደረሰው ነው። በዚያም "ሀ" 11 ጊዜ፣ "ለ" 10 ጊዜ ይበትናሉ።

ያሸነፈው በሚበትንበትስ? "ሀ" ግጥሚያውን ከወሰደ አንድ ጊዜ በመክፈቻው፣ ከዚያም ከመጀመሪያዎቹ 10 ድሎቹ በኋላ 10 ጊዜ በትኗል፤ ድምሩ 11። "ለ" የበተነው ባሸነፈው ጌም ልክ ስለሆነ ከ10 አይበልጥም። "ለ" ከወሰደ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ 10 ድሎቹ በኋላ 10 ጊዜ በትኗል፣ "ሀ" ግን በመክፈቻውና ባሸነፈው ጌም ልክ ነው፤ ከ11 አያልፍም። የጎደለውን ብሬክ ለጎደለበት ሰው እየሰጠን እስከ 21 ብናስጨርሳቸው እዚህም "ሀ" 11፣ "ለ" 10 ጊዜ ይበትናሉ። ሁለቱም ሥርዓት ያው 21 ጌም፣ ያው የብሬክ ክፍፍል ሆነ። ስለዚህ እያንዳንዱ ተጫዋች ሲበትንና ሳይበትን የማሸነፍ ዕድሉ ከጌም ጌም እስካልተለወጠ ድረስ ግጥሚያውን የማሸነፍ ዕድሉ በሁለቱም እኩል ነው። የተሸነፈው ይበትን ቢባልም ውጤቱ ያው ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሒሳብ ሰዎች ሰርቭ ላለባቸው ጨዋታዎች ያረጋገጡት ነገር ነው።

የሚለወጠው የውጤቱ መልክ ነው። ብሬክ ጥቅም ካለው አሸናፊ ሲበትን የጌሞቹ ሰንሰለት ይረዝማል፣ 11 ለ 3 ዓይነት ሰፊ ውጤትም ይበዛል፤ ተራ በተራ ሲሆን ደግሞ ግጥሚያው ተቀራርቦ ይሄዳል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል መምረጥ ምን ዓይነት ትርዒት ይሻላል የሚል የአዘጋጅ ውሳኔ ነው። በፍትሕ ስም መከራከሩ ግን ቦታው አይደለም። ከዚህ ስሌት የሚያመልጥ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ወንበር ላይ ረጅም ጊዜ የተቀመጠ ሰው እጁ ሊቀዘቅዝ፣ አከታትሎ ያሸነፈም ልቡ ሊሞላ ይችላል። ያንን የሚያነሳ ሰው ግን ስለ ተጫዋች መንፈስ እንጂ ስለ ብሬክ እየተናገረ አይደለም።

ቀድሞ መበተኑ ራሱስ? ሁለት እኩል ተጫዋቾች ይጋጠሙ፣ በታኙ እያንዳንዱን ጌም 55 በመቶ ያሸንፍ። በአንድ ጌም ቀድሞ የበተነ 55 በመቶ ዕድል አለው። እስከ 3 በሚሄድ ግጥሚያ ወደ 51.9 ይወርዳል። እስከ 11 ሲሆን 50.9 ብቻ ነው። የብሬኩን ጥቅም ከልክ በላይ አስፍተን 70 በመቶ ብናደርገው እንኳ እስከ 11 በሚሄድ ግጥሚያ ቀድሞ መበተን 54 በመቶ አይሞላም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በ21 ጌም ውስጥ ቀድሞ የበተነ የሚያተርፈው አንዲት ተጨማሪ ብሬክ ብቻ ነው፣ እሷም የምትወስነው ሌሎቹ 20 ጌሞች እኩል ሲካፈሉ ነው።

የተሻለ ብሬክ ግን ሌላ ነው

ከዚህ ተነስቶ ብሬክ አይጠቅምም የሚል ሰው ተሳስቷል። ቀደም ሲል ወዳየነው ተጫዋች እንመለስ፤ ኳስ የማስገባት ድርሻውን ከ60 ወደ 70 አሳድጎ በየብሬኩ 2.4 ነጥብ ያገኘው። ተጋጣሚው በ60 ቢቀር፣ እስከ 11 በሚሄድ ግጥሚያ ያ ጥቅም በ11 ብሬክ ላይ ይደጋገማል። ግጥሚያውን የማሸነፍ ዕድሉ ከ50 ተነስቶ ወደ 55 በመቶ ይጠጋል። ቀድሞ መበተን ግማሽ ነጥብ እንኳ በማይሰጥበት በዚህ ስሌት የተሻለ መበተን አምስት ነጥብ ገደማ ሰጠ። አሜሪካዊው ሼን ቫን ቦኒንግ ዩኤስ ኦፕንን አምስት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የዓለም ሻምፒዮናን ያሸነፈ፣ በብሬኩም የሚፈራ ሰው ነው። እንዲህ ያሉ ተጫዋቾች ብሬክን ለብቻው የሚለማመዱት ትርፉ በዚህ መንገድ ስለሚጠራቀም ነው።

ጥቃቅን ልዩነት ሲደጋገም ምን እንደሚሆን በገንዘብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1996 ዳላስ ላይ ነው። የአንድ ውድድር አዘጋጆች 10 ጌም በተከታታይ በትኖ ተጋጣሚውን ሳያስነሳ ለጨረሰ አንድ ሚሊዮን ዶላር ቃል ገቡ፤ ስጋቱን ኢንሹራንስ ተሸከመው። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጀመሪያውን የዓለም የዘጠኝ ኳስ ሻምፒዮና ያሸነፈው ኧርል ስትሪክላንድ አደረገው፤ ክፍያውም ወዲያው አልተፈጸመም፣ ጉዳዩ ወደ ክርክር አመራ። ሒሳቡን ብቻ እንይ። አንድ ተጫዋች ከአራት ጌም አንዱን በትኖ የሚጨርስ ከሆነ 10 በተከታታይ የመጨረስ ዕድሉ ከሚሊዮን አንድ ገደማ ነው። ከአስር አራቱን የሚጨርስ ከሆነ ግን ከ10,000 አንድ ያህል ይሆናል። ከሁለት አንዱን ቢጨርስ ከ1,024 አንድ። በአንዱ ጌም ላይ እጥፍ ብቻ የሆነው ለውጥ በአሥሩ ላይ አንድ ሺህ እጥፍ ገደማ ሆነ። የብሬክን አማካይ ቁጥር ይዞ ለእንዲህ ዓይነት ውርርድ ዋጋ የሚተምን ሰው የሚሳሳተው በጥቂቱ አይደለም፤ ዋጋው የሚወሰነው በአማካዩ ተጫዋች ሳይሆን በዕለቱ እጁ በቀናው ምርጥ ተጫዋች ነው።

አንድ ጌም፣ አንድ ሳንቲም

ይህ ሁሉ ለድባጤ ምን ይጠቅማል? በቀጥታ ሊገለበጥ የሚችል ቁጥር የለም። በወረዳ ከተሞቻችን የሚገኙት ጠረጴዛዎች ከውድድሩ ያነሱ ናቸው፣ ጨዋታውም በ15 ኳስ ነው። ጨርቁ ድርድሩ በሚቀመጥበት ቦታ ጎድጎድ ካለ ወይም ኳሶቹ ተፈነካክተው እኩል ክብነታቸውን ካጡ ግጥም ብለው አይነካኩም፤ የክንፎቹ መደበኛ መንገድም ይጠፋል። በቴሌቪዥን ያየነውን መቶኛ እዚህ ማምጣት ከንቱ ነው። የሚመጣው አመዛዘኑ ነው፤ አመዛዘኑ ደግሞ ወዲያው አንድ ነገር ያሳየናል። ቀድሞ መበተን ጥቅሙ ተሟጦ የሚያልቀው በረጅም ግጥሚያ ነው፤ እኛ ግን የምንጫወተው አንድ ጌም ነው። በ55 በመቶው ስሌት የባለሙያው ቀዳሚ ብሬክ አንድ ነጥብ እንኳ አይሞላም፤ የእኛው አምስት ነጥብ ሙሉ ነው።

ለበዓል ወይም ለወጣቶች ፕሮግራም 16 ተጫዋች ያለው፣ በአንድ ጌም የሚጣጣል ውድድር ተዘጋጀ እንበል። ለዋንጫ አራት ዙር ማሸነፍ ያስፈልጋል። ሁሉም እኩል አቅም ካላቸው፣ በአራቱም ዙር ሳንቲሙ የወጣለት ዋንጫውን የመውሰድ ዕድሉ 9.2 በመቶ ነው። በአራቱም ያልወጣለት 4.1 በመቶ። ሳንቲሙ ብቻውን የአንዱን ዕድል ከሌላው ከእጥፍ በላይ አደረገው። ያው ውድድር እስከ 3 ቢሄድ ቁጥሮቹ 7.3 እና 5.4 ይሆናሉ፤ ልዩነቱ አልጠፋም፣ ግን ልኩን ያዘ።

አሸንፎ በጠረጴዛው የሚቆይ ሰው ደግሞ ለብቻው ይታይ። አሸናፊ ሲቆይና እሱው ሲበትን ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ያልተነሳ ተጫዋች "ብሬኩ ነው የያዘው" ይባልለታል። ከላይ እንዳየነው ብሬኩ ምንም ባይጠቅም እንኳ በታኙ ብዙ ሲያሸንፍ ይታያል፤ ጠንካራው ስለሆነ ነው የሚበትነው። እውነቱን ለመለየት ሦስት ዓምድ ያለው ደብተር ይበቃል፦ ማን በተነ፣ ኳስ ገባ ወይስ አልገባም፣ ማን አሸነፈ። የሚመዘገበው ግን ተራ በተራ የተበተነው ጌም ብቻ መሆን አለበት፤ ከመቶ ጌም በታች ከሆነም መደምደሚያ አይሰጥበት። በዚያ መንገድ የተገኘ አንድ ቁጥር ለዚያ ጠረጴዛ ከማንኛውም የውጭ ዘገባ ይበልጣል።

እስከ 3 መጫወት ወጪ እንዳለው እርግጥ ነው። በ16 ሰው ውድድር 15 ጌም የሚጠይቀው እስከ 75 ሊደርስ ይችላል፤ የጠረጴዛው ሒሳብም ሰዓቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። አዘጋጅ ይህን ካልቻለ ምንም የማያስከፍል ሌላ መንገድ አለ። ሳንቲም በመጀመሪያው ዙር ብቻ ይወርወር። ከሁለተኛው ጀምሮ ባለፈው ዙር ሳይበትን ያሸነፈ በዚህኛው ይበትን፤ ሁለቱም በአንድ ዓይነት መንገድ ካለፉ ብቻ ሳንቲሙ ይመለስ። በዚህ አራት ጊዜ ተከታትሎ የዕድል ልጅ መሆን ይቀንሳል፣ አንድም ተጨማሪ ጌም አይጠየቅም። የባለሙያው ዓለም በሣጥን፣ በነጥብ መቀየርና በሦስት ኳስ ደንብ ሲደክም የኖረው ኳስ ያለ ችሎታ እንዳይገባ ነው፤ ቀድሞ የመበተን ጥቅም በረጅም ግጥሚያ ውስጥ በራሱ ይሟሟል። ጥቅሙ በማይሟሟበት አጭር ጨዋታ ላይ ደንብ ማስተካከል ግን ብዕርና ወረቀት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ መጀመር ያለበትም እዚያ ነው።